በሰው አገር ሬሳ የማን ነው?

ባለፈው ጥር አንድ ማታ ከኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ወጥቼ ወደ ቤቴ ሳመራ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ናት። አባቷ ከሁለት ቀን በፊት በልብ ሕመም በድንገት ዐርፈዋል። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ በዚህ ከተማ ታክሲ በመንዳት በብዙ ዓመት የሚቀድሙኝ ሰው ነበሩ። «ጋሼ፣ እናቴ ያልገባት ወረቀት አለ፤ መጥተው በአማርኛ ይንገሩልኝ» አለችኝ። ቤታቸው ዌስትቼስተር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተሰሜን ነው። መኪናዬን አዙሬ ሄድኩ።

ወረቀት ያለችው ወረቀት አልነበረም። ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ኮምፒዩተር ነው። ልጂቱ ሬሳ የሚያቃጥል ድርጅት በኢንተርኔት አግኝታ ፎርሙን ከሞላ ጎደል ጨርሳዋለች። የሟች ስም ከነአባትና እናት፤ ክብደት፤ ደረታቸው ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ አለ ወይስ የለም፤ ዐመዱ በፖስታ ይላክ ወይስ መጥታችሁ ትወስዳላችሁ፤ የክሬዲት ካርድ ቁጥር። ከወንበሯ ሳትነሳ ሁሉንም ሞልታዋለች። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው፤ ፊርማው ግን የእናትየው ነው።

«ምን ይላል?» አሉኝ እትዬ።

እኔ አገር ቤት ታሪክ አስተምር የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ቃል አያጥረኝም። ያን ማታ ግን አጠረኝ። ፈረንጅ ለዚህ ነገር ለብቻው የተለየ፣ ለስለስ ያለ ቃል አለው። እኛ ያለን «ማቃጠል» ብቻ ነው። በአማርኛ የሚቃጠለው ቆሻሻ ነው፣ ማገዶ ነው፣ ጠላት የገባበት መንደር ነው፤ ከዚያም ወዲያ ያለው የሲኦል እሳት ነው። ዞር ዞር ብዬ ስናገር ቆይቼ በመጨረሻ ያንኑ ቃል ተናገርኩት። እትዬ አላለቀሱም። «ሊያቃጥሉት?» ብለው ልጃቸውን ዝም ብለው አዩዋት።

አንባቢ በልጂቱ ላይ አይፍረድ። ያን ቀን ከጧት እስከ ማታ ስትደውል ነው የዋለችው። የመቃብር ቦታ ጠይቃለች፤ ሣጥን ጠይቃለች፤ ሬሳውን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ የሚያስፈልገውን ጠይቃለች። የሟች ወንድም ከአዲስ አበባ በየሰዓቱ እየደወሉ «ሬሳው መቼ ይመጣል?» ይሏታል። እንደ አሜሪካ የቀብር ድርጅቶች ማኅበር መረጃ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ሬሳ ታይቶ የሚፈጸም ቀብር አማካይ ዋጋው 8,300 ዶላር ነበር፤ የመቃብሩ ቦታ ሳይጨመር ነው ይህ። በኮምፒዩተሩ ላይ የነበረው ዋጋ ከአንድ ሺህ ዶላር ብዙም አይርቅም። «እድር አልነበራቸውም?» ብዬ ጠየቅኳት። ነበራቸው። በኮሮና ጊዜ ኤርፖርቱ ባዶ ሲሆን፣ ታክሲም ሥራ ሲያጣ፣ መዋጮውን አቋረጡ። ከዚያ አልተመለሱበትም። እኔም ያኔ ካቋረጡት አንዱ ስለነበርኩ ሌላ አልጠየቅኳትም።

እድርን ከጥንት አባቶቻችን የወረስነው የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አይደለም። በገጠር ሰው ሲሞት ቀባሪ አይጠፋም፤ ዘመዱም ጎረቤቱም አንድ ነው፣ ደብሩም ቅርብ ነው። እድር ያስፈለገው ሰው ከቀዬው ወጥቶ ከተማ ሲገባ ነው። ስለ እድር ከጻፉት ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ውልደቱን ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያዋ አዲስ አበባ ጋር ያያይዙታል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ሥር እንደሰደደ የሚናገሩም አሉ። ለሥራ፣ ለንግድ፣ ለውትድርና ከየአቅጣጫው መጥቶ በአንድ ሰፈር የተጠጋጋ፣ በትውልድም በቋንቋም የማይገናኝ ሕዝብ ነበር። ብሞት ማን ያነሣኛል? ይህን የጠየቀ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሳንቲም ማዋጣት ጀመረ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጠ፤ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ገዛ፤ ጥሩንባ ነፊ ቀጠረ። ቀብር የቀረውን ቀጣ። ይህ ቅጣት ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ለሟቹ ባያዝን እንኳ ቅጣቱን ፈርቶ ይመጣል፤ ሐዘንተኛውም ብቻውን አይቀመጥም። እንግዲህ እድር የተፈጠረው በስደተኛ ነው፤ የተፈጠረበትም ምክንያት ሬሳ ነው ማለት ይቻላል።

በሰው አገር ሬሳው ያሳሰበው ሕዝብ እኛ ብቻ አይደለንም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ ኒው ዮርክ የፈለሱት አይሁዶች በየትውልድ ከተማቸው ማኅበር እያቆሙ በቅድሚያ የገዙት የመቃብር መሬት ነበር። እዚሁ ካሊፎርኒያ ደግሞ ቻይናውያን አሉ። ባቡር ሐዲድ የዘረጉት፣ ወርቅ የቆፈሩት ቻይናውያን በማኅበራቸው አማካይነት ሬሳቸውን ለጊዜው እዚህ ይቀብሩና ከዓመታት በኋላ አጥንቱን አውጥተው፣ አጥበው፣ በሣጥን አድርገው በመርከብ ወደ ትውልድ መንደራቸው ይልኩት ነበር። በሆንግ ኮንግ በ1870 የተመሠረተው የቱንግ ዋ ሆስፒታል ያን አጥንት እየተቀበለ ወደየመንደሩ ያስተላልፍ ነበር። ዛሬ እኛ በካርጎ የምናደርገውን እነሱ በመርከብ አድርገውታል።

ከመሐል ከተማው በስተምሥራቅ ቦይል ሃይትስ በሚባለው ሰፈር ኤቨርግሪን የሚባል በ1877 የተከፈተ መቃብር አለ። ከጎኑ ለድሆች የተተወ መሬት ነበር። ቻይናውያን እዚያ እንዲቀበሩ ይፈቀድላቸው ነበር፤ ነገር ግን ሌላው ድኻ በነፃ ሲቀበር ቻይናዊ 10 ዶላር ይከፍላል። በ1888 የሠሩት የጸሎት ቦታ አሁንም ቆሟል። በ2005 የከተማው ባቡር መስመር ሲቆፈር ያልታወቁ መቃብሮች ወጡ፤ አብዛኞቹ የቻይናውያን ነበሩ። ከወገኖቻቸው መጥቶ የሚወስዳቸው ያላገኙት፣ አጥንታቸው ሳይላክ የቀረው መሆናቸው ነው።

የድሆቹ መሬት እየሞላ ሲሄድ የሎስ አንጀለስ አውራጃ በ1920ዎቹ እዚያው የማቃጠያ ምድጃ ሠራ። ወራሽ ጠያቂ ያልመጣለት ሬሳ እስከ ዛሬ የሚቃጠለው በአውራጃው ነው። ዐመዱ ሦስት ዓመት ገደማ ይጠበቃል፤ የመጣ ይወስደዋል። ያልተወሰደው በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር በአንድ ጉድጓድ አብሮ ይቀበራል። በ2023 የተቀበሩት 1,937 ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የሞቱት በ2020 ነው። በ2024 ደግሞ 1,865። ከየሃይማኖቱ አባቶች መጥተው በየቋንቋው ይጸልያሉ፤ በጉድጓዱ ላይ የሚቀመጠው ድንጋይ ዓመተ ምሕረት ብቻ እንጂ ስም የለበትም። ከእነዚህ ውስጥ ስደተኞችም ይገኛሉ። በዚህ ከተማ እሳት ለድኻና ለእንግዳ የመጣው እንግዲህ በፍልስፍና አይደለም፤ መሬት ስላለቀና ጠያቂ ስለጠፋ ነው።

ለባለጸጎቹ ግን በፍልስፍና ነው የመጣው። በአሜሪካ የመጀመሪያውን የማቃጠያ ምድጃ የሠራው በፔንሲልቬኒያ የነበረው ሐኪም ፍራንሲስ ለሞይን ነው፤ በ1876 መጨረሻ የመጀመሪያው ሬሳ ተቃጠለበት። ሐኪሙ መቃብር ውኃ ይበክላል፣ በሽታ ያመጣል ብሎ ያምን ነበር። በሎስ አንጀለስም የሮዝዴል መቃብር በ1887 ምድጃ አቆመ። ያም ሆኖ ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ እምቢ አለ። ነገሩን የለወጠው 1963 ነው። በዚያ ዓመት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ክልከላዋን አነሣች። በዚያው ዓመት ጄሲካ ሚትፎርድ የምትባል የካሊፎርኒያ ጸሐፊ የቀብር ነጋዴዎችን ብዝበዛ ያጋለጠ መጽሐፍ አወጣች፤ አገር ጉድ አለ። በ1971 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሬሳ ያለ ሥነ ሥርዓት፣ ያለ ሣጥን በርካሽ የሚያቃጥል ማኅበር ተቋቋመ። በ1984 የፌዴራል መንግሥት የቀብር ድርጅቶች ዋጋቸውን አንድ በአንድ ዘርዝረው እንዲሰጡ፣ በስልክ ለሚጠይቅም እንዲናገሩ አስገደደ። ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። በ2015 በአሜሪካ የተቃጠለው ሬሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀበረው በለጠ፤ ዛሬ ከዐሥር ስድስቱ ያህል ይቃጠላል።

በኮሮና ዘመን ደግሞ ቤት ተቀምጦ መጨረስ ግዴታ ሆነ። በጥር 2021 በሎስ አንጀለስ የሬሳው ብዛት ከአቅም በላይ ስለሆነ የአየር ብክለት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በወር ስንት ሬሳ ይቃጠል የሚለውን ገደብ ለጊዜው እስከ ማንሣት ደርሶ ነበር። ልጂቱ የሞላችው ዓይነት ፎርም ያን ጊዜ ነው በየቤቱ የገባው።

ቤተ ክርስቲያናችን ሬሳ ማቃጠልን አትቀበልም፤ እስልምናም አይቀበልም። ክርስቲያኑ ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርሶለት፤ እስላሙ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ሁለቱም ወደ አፈር ነው የሚገቡት። አፈር ለእኛ ምን ያህል እንደሆነ ያየነው በመጋቢት 2019 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ ለቤተሰብ የሚሰጥ ሬሳ አልነበረም። ከሳምንት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የ17 ኢትዮጵያውያን ባዶ ሣጥን ተቀበረ። ቤተሰቦች ከአደጋው ቦታ የተዘገነ አፈር ተሰጣቸው። በእሳት የነደደ አፈር ነው፤ ሰው ግን ያንኑ አቅፎ አለቀሰ። ተለይቶ የታወቀው አጽም የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው።

ወደዚያች ማታ ልመለስ። ልጂቱ ፊርማውን ራሷ ለመፈረም አስባ ነበር፤ ፎርሙ አልተቀበላትም። የካሊፎርኒያ ሕግ ስለ ሬሳ ግልጽ ተራ አለው። ሟቹ በሕይወቱ በሕክምና ጉዳይ በጽሑፍ የወከለውና በሬሳው ላይም ሥልጣን የሰጠው ሰው ካለ ቀዳሚው እሱ ነው። ያ ከሌለ ሚስት ወይም ባል። ከዚያ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች፤ ብዙ ከሆኑ በድምፅ ብልጫ። ከዚያ ወላጆች። አዲስ አበባ ያለ ወንድም፣ የነፍስ አባት፣ የእድር ዳኛ ሚስት ባለችበት ሥልጣን የላቸውም። ሟች ራሱ እንዴት እንደሚቀበር በጽሑፍ ካስቀመጠና ወጪውንም አስቀድሞ ካሰናዳ ግን ቤተሰቡ ቃሉን በዋዛ ሊለውጠው አይችልም። አገር ቤት ሬሳው የሰፈሩ፣ የደብሩ፣ የወንድም የእኅቱ ነው፤ ማንም ወረቀት አይጠይቅም። እዚህ ሬሳ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም በስሙ ይፈርማል። ይህን ለእትዬ በደንብ አስረዳኋቸው። ሬሳው ከ760 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ሁለትና ሦስት ሰዓት እንደሚነድ፣ የሚቀረው አጥንት ተፈጭቶ ሁለትና ሦስት ኪሎ እንደሚሆንም ጠይቀውኝ ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ይሻል ነበር ያሉኝ ሰዎች አሉ። ሊፈርሙበት ለቀረበላቸው ሰው እንዴት ይደበቃል?

እትዬ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻም «ልጄ፣ ደክሞሻል» አሏት፤ «እሳቱን ግን አልፈርምም»።

ልጂቱ ኮምፒዩተሩን ዘጋችው። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ እኔ እስከዚያ ድረስ ለገንዘቡ ብቻ የምትጨነቅ መስሎኝ ነበር። «እኔኮ ቶሎ እንዲያርፍ ብዬ ነው» አለች።

በማግሥቱ ከጧት ጀምሮ በታክሲ ወረፋው ላይ ከመኪና መኪና ዞርኩ። ጥሩንባ ነፊ ሆንኩ ማለት ነው፤ ጥሩንባው ስልኬ ነው። የሰጠ ሰጠ። አንድ የፓኪስታን ሰው ሟችን በስም እንኳ ሳያውቅ ሃምሳ ዶላር በእጄ አኖረ። ወደ አዲስ አበባ መላክ አልተቻለም፤ ወንድምየው እስከ ዛሬ አኩርፈዋል። በሰባተኛው ቀን ኢንግልዉድ ቀበርናቸው፤ ፍትሐቱም ተደረሰ፤ ንፍሮውን ሴቶቹ ቀቅለው አመጡ። ከመዋጮው የተረፈውን ዕዳ ልጂቱ በየወሩ ትከፍላለች።

ከአርባው በኋላ የቀረነው ሾፌሮች አንድ ደብተር ከፈትን። አሁን እኔ መኪና ውስጥ ነው፤ ዐሥራ ሰባት ስም አለበት። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ፣ «አባል ሞቶ ልጆቹ ቢያቃጥሉትስ እድሩ ይከፍላል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ግማሹ ይከፍላል አለ፤ ግማሹ አይከፍልም አለ። ለሚቀጥለው ወር አሳደርነው።