ከወንዙ ማዶ የቆመ ሜዳ፦ የፉትስክሬይ እግር ኳስ ክለብ ታሪክ

ከሜልበርን ከተማ መኻል ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የማሪቢርኖንግን ወንዝ እንደተሻገረ ፉትስክሬይ ከምትባለው ሰፈር ይደርሳል። ምድሪቱ ከቅኝ ገዢዎች መምጣት በፊት የኩሊን ሕዝቦች ርስት ነበረች። ዛሬ የቬትናም ሾርባና የኢትዮጵያ እንጀራ ጎን ለጎን የሚሸጡባት፣ የብዙ አገር ቋንቋ የሚሰማባት ሰፈር ናት። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ከወንዙ ወዲህ የሚኖረው ባለጸጋ ስሟን ሲሰማ አፍንጫውን የሚይዝባት ነበረች። ምክንያቱም ከተማው ከዐይኑና ከአፍንጫው ሊያርቀው የፈለገውን ሁሉ፣ ቄራውን፣ ቆዳ ፋብሪካውን፣ የአጥንት ወፍጮውን፣ የድንጋይ ካባውን፣ የጥይት ፋብሪካውን ጭምር ከወንዙ ማዶ አኑሮት ነበርና ነው። ሥጋው፣ ጫማውና የመንገዱ ጥርብ ድንጋይ ወደ ከተማው ይሻገራል፤ ግማቱና ጭሱ ግን ከወዛደሩ ጋር እዚያው ይቀራል። ይህ ወዛደር የኔ ነው የሚለው ሀብት ብዙ አልነበረውም። ከጥቂቱ አንዱ ክለቡ ነበር።

ጨዋታው ኢትዮጵያዊው አንባቢ ከሚያውቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። ሜልበርን ውስጥ ደንቡ የተጻፈው በ1859 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህም የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የራሱን ደንብ ካወጣበት ከ1863 አራት ዓመት ይቀድማል። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው። ከየወገኑ 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን በእግር መለጋትም፣ በእጅ መያዝም፣ በጡጫ መትቶ ማቀበልም ይፈቀዳል፤ መወርወር ግን ክልክል ነው። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች ተተክለዋል። በመኻከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል ያለፈ ኳስ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ ከእነሱ ግራና ቀኝ ያለፈው 1 ነጥብ ብቻ ነው። ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያስነሣው ግን ግቡ ብቻ አይደለም፤ ተጫዋቹ በባላጋራው ትከሻ ላይ ተንጠላጥሎ ሽቅብ በመዝለል ኳሱን ከአየር ላይ የሚቀልብበት ቅጽበት ነው።

የፉትስክሬይ ክለብ ምሥረታ በ1877 እንደሆነ ይቆጠራል። በ1880ዎቹ መባቻ ለአጭር ጊዜ «ፕሪንስ ኢምፔሪያል» ተብሎ መጠራቱ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ስሙ የተወሰደው ከሦስተኛው ናፖሊዮን ልጅ ነው፤ ይህ ልዑል ከእንግሊዝ ጦር ጋር ደቡብ አፍሪካ ዘምቶ በ1879 በዙሉ ጦረኞች እጅ የወደቀ ነው። የካባና የቄራ ሠራተኞች ሰፈር ክለቡን በአንድ ፈረንሳዊ መስፍን ስም መጥራቱ የዘመኑ የቅኝ ግዛት መንፈስ እስከ ምን ድረስ ሰርጾ እንደነበር ያሳያል። ደግነቱ ስሙ አልሰነበተም፤ የሰፈሩ ስም ተመለሰ።

በ1896 መገባደጃ ላይ ስምንት ክለቦች ከቪክቶሪያ እግር ኳስ ማኅበር ተገንጥለው የቪክቶሪያ እግር ኳስ ሊግን አቋቋሙ፤ በተከታዩም ዓመት የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ። ተመልካች የሚጎርፍላቸው፣ ገቢያቸው የዳበረ ክለቦች በአብዛኛው ወደ አዲሱ ሊግ ሲገቡ ፉትስክሬይ በአሮጌው ማኅበር ቀረ። ከ1898 እስከ 1900 ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ አሸንፎ እስከ 1924 ድረስ ዘጠኝ ጊዜ የማኅበሩ ሻምፒዮን ሆነ። የሊጉ በር ግን አልተከፈተለትም።

ሰፈሩን ለማወቅ ግን ከሜዳው ውጪ መመልከትም ያስፈልጋል። ከፉትስክሬይ አጠገብ ባለችው ሰንሻይን የእርሻ መሣሪያ የሚያመርት ትልቅ ፋብሪካ ነበር። በ1907 ዳኛ ሂጊንስ የዚህን ፋብሪካ ጉዳይ ሲመረምር፣ ለአንድ ሙያ የሌለው ሠራተኛ የሚገባው ደመወዝ አሠሪው ለመክፈል በሚፈቅደው ልክ ሳይሆን ሠራተኛው ከነሚስቱና ከነልጆቹ እንደ ሰው ሊኖርበት በሚችለው ልክ መሆን አለበት ብሎ ፈረደ። ልኩም በቀን 7 ሽልንግ ሆኖ ተቈረጠ። ፍርዱ የተመሠረተበት ሕግ በዓመቱ ቢሻርም መርሑ በአውስትራሊያ የሥራ ሕግ ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖረ። ቅዳሜ ቅዳሜ በዌስተርን ኦቫል ሜዳ ዙሪያ ተኰልኩሎ የሚጮኸው ሕዝብ እንግዲህ የሰባቱ ሽልንግ ሕዝብ ነው።

የሊጉን በር ለማንኳኳት ምክንያት የሆነችው ደግሞ ማንም ያልጠበቃት ሰው ናት፤ የኦፔራ ዘፋኟ ዴም ኔሊ ሜልባ። የመድረክ ስሟን ከትውልድ ከተማዋ ከሜልበርን የወሰደችው ይህች ስመ ጥር ድምፃዊት በአንደኛው የዓለም ጦርነት እጅና እግራቸውን ላጡ ወታደሮች ገንዘብ ታሰባስብ ነበር። በኦክቶበር 1924 ለዚሁ ዓላማ የሊጉ ሻምፒዮን ኤሰንደንና የማኅበሩ ሻምፒዮን ፉትስክሬይ እንዲጋጠሙ ተደረገ። የበጎ አድራጎት ግጥሚያ ነውና ብዙዎች ውጤቱን አስቀድመው የወሰኑት ይመስል ነበር። ፉትስክሬይ ግን 64 ለ36 ረታ። ከኤሰንደን ተጫዋቾች አንዳንዶቹ ሆን ብለው ለቀቁ የሚል ሐሜት መነሣቱ አልቀረም። ከወንዝ ማዶ የመጣ ሲያሸንፍ እንዲህ ያለ ወሬ መከተሉ የትም አገር ያለ ነው። በተከታዩ ዓመት፣ በ1925፣ ፉትስክሬይ ከሆቶርንና ከኖርዝ ሜልበርን ጋር ወደ ሊጉ ገባ።

ከገባ በኋላ ያለው ዘመን የትዕግሥት ዘመን ነው፤ እስከ 1938 ድረስ ለማጠቃለያው ዙር እንኳ አልደረሰም። የፍሬው ዓመት 1954 ሆነ። በዚያ ዓመት አምበልም አሠልጣኝም የነበረው ቻርሊ ሳተን ቡድኑን ለፍጻሜ አደረሰ። ባላጋራው የከተማው ነባር ክለብ፣ በስሙም በደጋፊዎቹም የባለ ማዕርጉ ወገን ተደርጎ የሚቆጠረው ሜልበርን ነበር። በ80,897 ተመልካች ፊት ፉትስክሬይ 102 ለ51 አሸነፈ፤ ይኸውም ልክ በእጥፍ ነው። ጃክ ኮሊንስ ብቻውን ሰባት ግብ አገባ። ከተጫዋቾቹ መካከል የሰፈሩ ሰው በኋላ «ሚስተር ፉትቦል» ብሎ የሚጠራው የ21 ዓመቱ ቴድ ዊተን ነበር። ዋንጫው በዚያ ምሽት ወንዙን ተሻገረ። ሁለተኛ ለመሻገር 62 ዓመት ይፈጅበታል ብሎ የገመተ ግን አልነበረም።

በ1961 እንደገና ለፍጻሜ ቀርቦ በሆቶርን ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ በሜዳው ብቻ ሳይሆን በሒሳብ መዝገቡም እየደከመ ሄደ። ጨዋታው ራሱ ባሕርዩን ለውጦ ነበር። የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲገባ፣ የተጫዋቾች ዋጋ ሲንር፣ ከቪክቶሪያ ውጪ አዳዲስ ክለቦች ሲቋቋሙ፣ የአንድ ሰፈር መዋጮ የአንድን ክለብ ወጪ መሸፈን ተሳነው። በ1982 ሳውዝ ሜልበርን ሰፈሩን ለቆ ወደ ሲድኒ ተጋዘ። በሜልበርን ክለብ በዝቷልና ይቀነስ የሚለው ሐሳብ በሊጉ ጽሕፈት ቤት ሥር ሰደደ። የክለብ አስተዳዳሪዎች የዝግ ስብሰባ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ዴቪድ ዊልያምሰን በ1977 ለመድረክ ያበቃውን «ክለቡ» የተሰኘ ተውኔት ቢመለከት ይበቃዋል።

በኦክቶበር 1989 መጀመሪያ ላይ ለፉትስክሬይ ሕዝብ መርዶ መጣ። ዕዳ የተጫነው ክለባቸው ከፊትዝሮይ ጋር ተዋሕዶ «ፊትዝሮይ ቡልዶግስ» በሚል ስም እንዲቀጥል ተወስኗል የሚል ነበር። ከሰፈራቸው የሚቀረው የውሻው ምስል ብቻ ነው፤ ስሙም ሜዳውም ይሄዳል። ውሳኔው የተደረሰው በሊጉ ባለሥልጣናትና በክለቦቹ መሪዎች መካከል ነው። አባላቱ፣ ማለትም በየዓመቱ መዋጮ እየከፈሉ ክለቡን ያቆሙት ሰዎች፣ የተነገራቸው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር። በሒሳብ ዐይን ሲታይ የባለሥልጣናቱ ክርክር ከንቱ አልነበረም፤ ዕዳው እውነተኛ ነበር። ጥያቄው ግን ባለዕዳ የሆነ ክለብ የማን ንብረት ነው የሚል ነው።

ሕዝቡ ድንኳን ጥሎ አላለቀሰም። አንዲት ተራ ደጋፊ በስሟ ለቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረበች። ከጀርባዋ በአዝቤስቶስ ብናኝ ሳንባቸው ለተበላ ሠራተኞች በመሟገት የታወቀው ጠበቃ ፒተር ጎርደን ቆሞ ነበር። ክሱ ውሕደቱን ለጊዜው አስቆመ፤ በተገኘውም ፋታ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰበሰብ ግድ ሆነ። በሺሕ የሚቆጠር ሰው በዌስተርን ኦቫል ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ የሆነው የእኛ ሰው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ነው። ቆርቆሮ ይዞ በየመንገዱ የቆመ አለ፤ በር ለበር የዞረ አለ፤ ጡረተኛው ከጡረታው፣ ልጅ ካጠራቀማት ሳንቲም አዋጣ። ክለቡን ወዶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር፣ የሌላ ክለብ ደጋፊ ሆኖ ሳለ፣ ነገ በእኔ ነው ብሎ እጁን ዘረጋ። ገንዘቡ ሞላ፤ ውሕደቱ ፈረሰ፤ ጎርደንም የክለቡ ሊቀ መንበር ሆነ።

የፊትዝሮይ ዕጣ ምን እንደሆነ ማስታወስ የድሉን ልክ ለመረዳት ይጠቅማል። በ1883 የተቋቋመውና የሊጉን ዋንጫ ስምንት ጊዜ የወሰደው ያ ክለብ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1996 ዕዳው አንቆት ከብሪዝበን ጋር ተዋሐደ፤ ቡድኑም ወደዚያ ወደ ሩቅ ከተማ ሄደ።

የፉትስክሬይም መዳን ቢሆን ዋጋ ነበረው። በዚያው በ1996 የክለቡ አዲስ አመራር ከመላው ምዕራብ ደጋፊ ለመሳብ በሚል ስሙን «ዌስተርን ቡልዶግስ» ብሎ ለወጠው። በ1997 ደግሞ የሊጉ ግጥሚያ ለመጨረሻ ጊዜ በአሮጌው ሜዳ ተደረገ። ሕዝቡ ቆርቆሮ ተሸክሞ ያዳነው ስም፣ ፍርድ ቤት ድረስ የተሟገተለት ስም፣ ከሰባት ዓመት በኋላ በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ተተወ። ለዚህ ምክንያት አልጠፋም፤ ምክንያቱም የገቢ ነው። ቢሆንም የቦታ ስም ከገቢ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ ነገር አይደለምና ቅር ያላቸው ነባር ደጋፊዎች አላጠፉም። የ1996ቱን አስጨናቂ የውድድር ዓመት የቀረጸው «የውሾቹ ዓመት» የተባለው ዘጋቢ ፊልም የዚህን ሽግግር ዋዜማ ያሳያል።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቴድ ዊተን ዐርፏል። 321 ጊዜ ለክለቡ ተሰልፎ የተጫወተው ይህ ሰው በ1995 በካንሰር በሽታ የዐይኑን ብርሃን ካጣ በኋላ በሜልበርን ታላቅ ስታዲየም በመኪና ሆኖ ሕዝቡን ተሰናበተ። እሱ ተመልካቹን ማየት አይችልም፤ ተመልካቹ ግን እያለቀሰ ያጨበጭብለት ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሞተ። ዌስተርን ኦቫልም ዊተን ኦቫል ተባለ፤ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል።

ከ1985 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ክለቡ ከፍጻሜው ዋዜማ ደርሶ የተመለሰው ሰባት ጊዜ ነው። በ1997 የለየው ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር። የአንድ ሰው ልጅነትና ጉልምስና በዋዜማ ብቻ ሊያልቅ እንደሚችል የፉትስክሬይ ደጋፊ ጠንቅቆ ያውቃል።

በ2016 ቡድኑ መደበኛውን ውድድር የጨረሰው በሰባተኛ ደረጃ ነው። ከዚያ ደረጃ ተነሥቶ ዋንጫ የወሰደ ከዚያ በፊት አልነበረም። ቡልዶጎች ግን አንዱን ከአንዱ እያስከተሉ ረቱና ለፍጻሜ ደረሱ፤ ባላጋራቸውም ሲድኒ፣ ማለትም በ1982 ከሰፈሩ የተነቀለው የሳውዝ ሜልበርን ክለብ ሆነ። በ99,981 ሰው ፊት 89 ለ67 አሸነፉ። አምበላቸው ቦብ መርፊ በዓመቱ መጀመሪያ ጉልበቱ ተጎድቶ ስለነበር ያን ቀን ከተመልካች ጋር ነበር። አሠልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ ሜዳሊያውን ሲቀበል መርፊን ወደ መድረክ ጠርቶ በአንገቱ ላይ አጠለቀለት። መርፊም በኋላ ሜዳሊያውን መለሰው።

ክለቡ የሴቶች ውድድር እንዲመሠረትም ቀደም ብሎ ከገፉት አንዱ ነው። የክለቡ ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት ሱዛን አልበርቲ ለዚህ ብዙ ደክመዋል። ሊጉ በ2017 ተጀመረ፤ በ2018 የቡልዶግ ሴቶች ብሪዝበንን በ6 ነጥብ በልጠው ዋንጫውን ወሰዱ። በ2021 ወንዶቹ ለፍጻሜ ሲደርሱ የገጠማቸው የ1954ቱ ባላጋራ ሜልበርን ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን በ74 ነጥብ የተረቱት እነሱ ናቸው።

ፋብሪካዎቹ አብዛኞቹ ተዘግተዋል፤ የቄራው ጭስም የለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣልያኑና ግሪኩ፣ ከዚያ ቬትናሙ፣ ከዚያም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ተሰደው የወጡ ኢትዮጵያውያን በየተራ በፉትስክሬይ ሰፍረዋል። በኒኮልሰንና በባርክሊ ጎዳናዎች በግእዝ ፊደል የተጻፉ የምግብ ቤት ሰሌዳዎች ይነበባሉ፤ ቡና ይቆላል። ከእነዚህ ጎዳናዎች ብዙም ሳይርቅ የዊተን ሐውልት ካለበት ሜዳ ቡድኑ ልምምድ ያደርጋል፤ ቀለሙም እንደ ጥንቱ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው።