«አየሁት» ማለት ብቻ አይበቃም

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሰማይ መንገድ ነው።

ሰማይ ሰፊ ነው፤ ታዲያ ሁለት አውሮፕላኖች እዚያ ላይ እንዴት ይጋጫሉ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የገበያ ቀንን አስቡ። ሜዳው ሰፊ ነው። ወደ ገበያው ስትቃረቡ ግን ሰውም፣ አህያውም፣ መኪናውም ይጋፋል። የአውሮፕላን ማረፊያም እንደዚሁ ነው። ከየአቅጣጫው የመጣው ሁሉ እዚያው ይወርዳል፤ ከዚያው ይነሣል። መቶ ሰው የጫነው ትልቁና ሁለት ሰው የያዘው ትንሹ እዚያ ይገናኛሉ።

ቀደም ባለው ዘመን ደንቡ አጭር ነበር። አየሩ ጥርት ያለ ከሆነ አብራሪው በዓይኑ እያየ ከሌላው ይራቅ የሚል ነው። አውሮፕላኖች ጥቂትና ዝግተኛ በነበሩ ጊዜ ይህ ደንብ ያገለግል ነበር። ዛሬም አልተሻረም። ጄት ከመጣ በኋላ ግን ዓይን ብቻውን አልበቃም። ለምን? ሁለት ታሪኮች እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው የሆነው መስከረም 15 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር 1978 መሆኑ ነው። ቦታው በአሜሪካ አገር ሳን ዲዬጎ የምትባል ከተማ ናት። ጧት፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አንድ ቦይንግ 727 አውሮፕላን 135 ሰዎች ይዞ ለማረፍ ይቃረባል። ከፊቱ ሴስና 172 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ትበራለች። በውስጧ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው በመሣሪያ እየተመራ መብረርን ይለማመዳል።

የበረራ ተቆጣጣሪው ትንሿ ከፊታቸው እንዳለች ለቦይንጉ አብራሪዎች ነገራቸው። እነሱም አየናት አሉ። እንግዲያው በዓይናችሁ እያያችሁ ራቁ አላቸው። ጥቂት ቆይቶ ትንሿ ተሰወረችባቸው። እርስ በርሳቸው ስለ እርሷ ሲጠያየቁ ድምፅ የሚቀዳው መሣሪያ አስቀርቶታል። መጥፋቷን ግን ለተቆጣጣሪው በግልጽ አልነገሩትም። እርሱም አሁንም ያዩዋታል ብሎ አመነ። ትንሿም ከታዘዘችው አቅጣጫ ወጣ ብላ ነበር።

ግጭቱ ሊደርስ 19 ሴኮንድ ሲቀረው በመቆጣጠሪያው ክፍል የማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ። ያ ደወል በከንቱ የሚጮኽበት ጊዜ ብዙ ነበር። ለትንሿ የተነገራት «ጄቱ ያያችኋል» የሚል ነው። ለጄቱ ምንም አልተነገረውም። ሁለቱም ከተማው ላይ ወደቁ። 144 ሰዎች ሞቱ። ከነዚህ ውስጥ 7ቱ መሬት ላይ የነበሩ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሊገጫችሁ የሚመጣ አውሮፕላን በመስኮት ሲታይ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። አንድ ቦታ ላይ የቆመች ነጥብ ይመስላል። ሰው ደግሞ ቶሎ የሚያየው የሚንቀሳቀስን ነገር ነው። ነጥቧ በድንገት ትልቅ ስትሆን ጊዜው አልፏል። የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት መመሪያ እንደሚለው፣ አብራሪው አይቶ፣ አደጋ መሆኑን ለይቶ፣ ወስኖ፣ አውሮፕላኑም እስኪታጠፍ ድረስ 12 ሴኮንድ ተኩል ያህል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ታሪክ ነሐሴ 25 ቀን 1978 ዓ.ም. የሆነ ነው፤ በፈረንጆች 1986። በሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ሴሪቶስ በምትባል ከተማ ላይ ነው። በሎስ አንጀለስ ማረፊያ ዙሪያ፣ ያለ ተቆጣጣሪ ፈቃድ የማይገባበት ክልል ተከልሎ ነበር። ይህ ክልል እንደ ዋርካ ዛፍ ነው፤ ከሥር ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ ነው። ትንንሾቹ ከቅርንጫፉ ሥር ማለፍ ይችላሉ። አንዲት ፓይፐር አውሮፕላን ግን ሳይፈቀድላት ከክልሉ ገባች። ከፍታዋን ለራዳር የሚናገር መሣሪያም አልነበራትም። ለማረፍ ከሚወርድ የሜክሲኮ ዲሲ 9 አውሮፕላን ጋር ተጋጨች። 82 ሰዎች ሞቱ። 15ቱ በምድር ላይ፣ በመኖሪያ ሰፈራቸው የነበሩ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነው ሕጉ የጠበቀው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። ቢሆንም የመጣው ሕግ የብዙ ሰው ሕይወት የሚያድን ነው። በትልልቆቹ የአሜሪካ ማረፊያዎች ዙሪያ፣ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከፍታቸውን የሚናገር ትራንስፖንደር እንዲይዙ ታዘዘ። ከ30 በላይ መቀመጫ ያላቸው የመንገደኛ አውሮፕላኖችም በፈረንጆች 1993 መጨረሻ ቲካስ የሚባል መሣሪያ እንዲኖራቸው ተደነገገ።

ቲካስ እንዴት ይሠራል? በሬዲዮ ሞገድ «ማነህ? ምን ያህል ከፍ ብለሃል?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። የሌላው ትራንስፖንደር ይመልሳል። መሣሪያው ርቀቱንና ፍጥነቱን አስልቶ አደጋ ካለ «ውጣ» ወይም «ውረድ» ይላል። ሁለቱም ቲካስ ካላቸው መሣሪያዎቹ ተነጋግረው አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ይልካሉ። ትራንስፖንደር የሌለው ግን አይመልስም፤ ለቲካስ እንደሌለ ነው።

ታዲያ ነገሩ አበቃ? አላበቃም። ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ በዋሽንግተን ከተማ፣ ሊያርፍ የተቃረበ የመንገደኛ አውሮፕላን ከአንድ የጦር ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። 67 ሰዎች ሞቱ። የሄሊኮፕተሩ ሰዎች አውሮፕላኑን አይተነዋል፣ በዓይናችን እንጠብቃለን ብለው ነበር። መሬት በጣም ሲቃረብ ደግሞ ቲካስ «ውጣ፣ ውረድ» ማለቱን ያቆማል። ከሳን ዲዬጎ ወዲህ 46 ዓመት ቢያልፍም ያችው ቃል ተደገመች።

እንግዲህ፣ ወገኖቻችን፣ ትምህርቱ ይህ ነው። ዓይን ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ያዩት ነገር ሲጠፋ ጠፋብኝ ብሎ መናገር ያስፈልጋል። በከንቱ የሚጮኽ ደወል ካለ ይጠገን እንጂ አይናቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ንባባችሁን ስትጨርሱ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ። የቦይንጉ አብራሪዎች ምን መናገር ነበረባቸው? ለግጭት የሚመጣ አውሮፕላን የቆመ የሚመስለው ለምን ይጎዳል? በእናንተስ የሥራ ቦታ «አይቶኛል» ተብሎ የሚታለፍ አደጋ አለ?

በሉ፣ ደኅና ሰንብቱ።