ብቻውን የተሰማ አኮርዲዮን

ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ ወረታን አልፎ ቁልቁል ይገባል። ወገቡን ወይም ጉልበቱን ያመመው እንደ ሆነ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ጥቂት ቀን ይቀመጣል፤ ጤነኛው ግን ጉዳዩን ሊፈጽም ወደ ከተማው ይቸኩላል። በዚያች በባሕር ዳር አንድ አሜሪካዊ፥ ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል፥ የአፍሪካን ካሴት ፈልጎ መሰብሰብን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው፥ አንድ ያረጀ ካሴት አገኘ። እኛ ብናየው ምናልባት ዝም ብለን የምናልፈውን ዕቃ እርሱ ወስዶ አዳመጠው፤ ባዳመጠውም ጊዜ ተደነቀ።

ወጣቶች ሆይ፥ ልነግራችሁ የተነሣሁት የዚህን ካሴት ታሪክ ነው። ግማሹ በውጭ አገር የተፈጸመ ስለ ሆነ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

ካሴቱን የሠሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልደው በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን መጫወትን አስተማሪ ሳይዙ በራሳቸው ተማሩ። በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍልም ጥቂት ጊዜ ነበሩ። በሙያቸው ዘፋኝ ሳይሆኑ መሣሪያ ተጫዋች ናቸው፤ ይህም ወደ ፊት ለምናየው ጉዳይ ትልቅ ቦታ አለው። በእኛ አገር ሙዚቃ ሲባል ሕዝቡ አስቀድሞ የሚፈልገው ግጥሙን ነው። ሰሙና ወርቁ ካልተለየ ዜማው ብቻውን ምን ይነግረናል የሚል ብዙ ነው። አዝማሪውም ቢሆን መሰንቆውን የሚይዘው ለቃሉ ማጀቢያ እንዲሆነው ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አቶ ኃይሉና ጓደኞቻቸው ዋልያስ ባንድን አቋቋሙ። (ስሙ የእኛው ነው፤ ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝምና።) በዚያ ዘመን የብዙዎቹ ባንዶች መሣሪያ የቡና ቤቱ ባለቤት ንብረት ነበረ፤ ባለቤቱ የተቆጣ ዕለት ሙዚቀኛው ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያሶች ግን ገንዘባቸውን አጠራቅመው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ከዚያም በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ዐሥር ዓመት ያህል ተጫወቱ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ በመታወጁ፥ ወደ ቤቱ መመለስ ያልቻለ እንግዳ በዚያው ያነጋ ነበርና ሙዚቀኞቹም ሌሊቱን ሲጫወቱ ያድሩ ነበር። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ፤ ዘፋኝ የሌለበት «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው።

በ1981 ባንዱ ከነማሕሙድ አሕመድና ጌታቸው ካሣ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አቶ ኃይሉና ሌሎቹ ግን በዋሽንግተን ቀሩ። የተመለሰውን ሞኝ፥ የቀረውን ከዳተኛ ማለት ለአፍ ቀላል ነው። እኔ በሁለቱም አልፈርድም። ይሁን እንጂ፥ ቃል ሳይለዋወጡ በዓይን ብቻ ተግባብተው ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ከዚያ ወዲያ በውቅያኖስ ተለያዩ።

በ1985 አቶ ኃይሉ በዚያው በዋሽንግተን ወደ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ብቻቸውን ገቡ። ከበሮ መቺ አልነበረም፤ የከበሮውን ሥራ የሚሠራው የኤሌክትሪክ መኪና ነበረ። ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሙግ የተባለውን ሲንተሳይዘር በየተራ እየተጫወቱ ድምፅን በድምፅ ላይ ደረቡ። ከሁሉ በላይ ግን የልጅነታቸውን አኮርዲዮን አነሡ፤ አኮርዲዮን ደግሞ በዘመናዊዎቹ ባንዶች ዘንድ ቦታውን ለኦርጋን ለቆ የቆየ መሣሪያ ነበር። ካሴቱም «ሸሞንሟናዬ» ተባለ።

ከስመ ጥር ባንድ ወጥቶ እንዲህ ያለ ነገር የሞከረ በሌላውም ዓለም አለ። እንግሊዛዊው ፖል ማካርትኒ በ1970 ቢትልስ ሲበተን መሣሪያዎቹን ሁሉ ራሱ ተጫውቶ የግሉን ሸክላ አወጣ። ነገር ግን ማካርትኒን ስሙም ሀብቱም ተከትለውት ነበር። የአቶ ኃይሉ ስም ግን በአዲስ አበባ ቀርቷል።

ካሴቱን ስትሰሙት መጀመሪያ ግራ ያጋባችኋል። መኪናው ሳይደክም ሳይፈጥን ይመታል፤ አኮርዲዮኑ ግን እንደ ሰው ይተነፍሳል፥ ይዘገያል፥ ቆይቶም ይደርስበታል። «አምባሰል»ን የወሎ ሰው ገና ሲጀመር ያውቀዋል። «ሽለላ»ንማ ለእኛ ማን ይነግረናል! በፋርጣና በጋይንት ሠርግ ላይ ዱላውን ይዞ የሚንጎራደደውን ሰው ያላየ ማን አለ? ያን የሚያስፈራ የወንድ ጉሮሮ በቁልፍና በአየር ለማሰማት መነሣት ድፍረት ነው። አንድ ሽማግሌ ቢሰማው «ፎካሪው የታል?» ማለቱ አይቀርም፤ አባባሉም ስሕተት የለበትም። እኔ ራሴ በመኪናው ከበሮ እስከ ዛሬ አልተስማማሁም፤ አንዳንድ ቦታ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይደርቅብኛል። አኮርዲዮኑ ሲገባ ግን ቅሬታዬን እረሳዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ጸጥ አለ። አቶ ኃይሉ በ1990ዎቹ መድረኩን ተዉ፤ ኑሯቸውንም ታክሲ በመንዳት ይገፉ ጀመር። በዋሽንግተን አጠገብ ባለው በደለስ የአውሮፕላን ማረፊያ ተራቸውን ሲጠብቁ፥ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ተራው ሲደርስ መሣሪያውን ይከታሉ፤ የእንግዳውን ሻንጣ ይጭናሉ። እንዲጫወቱ ያዘዛቸው፥ ለዚያም የከፈላቸው ሰው አልነበረም። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው መንገደኛ አጠገቡ ማን እንዳለ ሳያውቅ ሒሳቡን ከፍሎ ይወርዳል። አንድ ሳምንት ወይም አንድ ወር ቢሆን ብዙ ሰው ይችለዋል፤ ይህ ግን ብዙ ዓመት የተደረገ ነው።

ሺምኮዊትዝ አፈላልጎ በስልክ አገኛቸው። በ2013 «ሸሞንሟናዬ» እንደገና ታተመ። አቶ ኃይሉም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ መድረኮች ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፥ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጉዞ በተመለሱ ቁጥር ታክሲያቸውን አስነሥተው ወደ ደለስ ይሄዱ ነበር።