ጄምስ ብሩስ በመጽሐፉ የሸሸጋቸው ሰዎች

እንደሚታወቀው የጐንደርን ዘመን ታሪክ ስናስተምር ከምንጠቅሳቸው የውጭ አገር መንገደኞች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በጐንደር ያዕቆብ እየተባለ ይጠራ የነበረው ይህ ሰው ስለ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊና ስለ ራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ብዙ ጽፏል። ይሁን እንጂ ከአገራችን የወጣበት ጉዞ፣ ማለትም በራስ ፊልና በዛሬው የገዳሪፍ ምድር በኩል ወደ ስናር የወሰደው መንገድ፣ በትምህርት ክፍል እምብዛም አይነሣም። ስለ ታሪክ ምስክርነት ግን ብዙ የሚያስተምረን ይኸው ጉዞ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብሩስ ከጐንደር የተነሣው በታኅሣሥ 1771 ነበር። የከሰላ ከተማ ገና አልተቆረቆረችም፤ የጦር ሰፈር ሆና የተመሠረተችው በ1840 ነውና። በመተማ አካባቢ በምትገኘው በራስ ፊል ቆላ ላይ ሳለ ብርቱ የተቅማጥ በሽታ ያዘው። ያዳነው የኤውሮፓ መድኃኒት ሳይሆን የአገሬው ሰው ዋጊኖስ የሚለው ተክል፣ የሥሩ ቅርፊት ደርቆና ተወቅጦ የሚጠጣው ነበር። ከዚያም በገዳሪፍ አካባቢ ወደምትገኘው ወደ ተዋዋ ሲደርስ የቦታው ገዥ ሼህ ፊደል ወርቅ አምጣ እያለ አንድ ወር ያህል አገተው። ብሩስ የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆንበትን ቀን ከሰማይ ቆጠራ መጽሐፉ ያውቅ ስለ ነበር፣ ምልክት ይታያል ብሎ አስቀድሞ በመናገር የሼሁን ሰዎች እንዳስደነገጠ ራሱ ይተርካል። በሚያዝያ 1772 ተለቅቆ ወደ ስናር አመራ።

ከስናር ወዲያ የኑብያን በረሃ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አለቁበት። ወረቀቶቹንና የመለኪያ መሣሪያዎቹን ጨምሮ ጓዙን በአሸዋው ላይ ጥሎ በኅዳር 1772 በእግሩ አስዋን ገባ፤ ሌላ ግመል ተሰጥቶት ወደ ኋላ በመመለስም ጓዙን እንዳለ አገኘው። ያ ጓዝ ባይገኝ ኖሮ በ1790 በአምስት ቅጽ የታተመው ታላቅ መጽሐፉ ምን ይመስል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ብሩስ ከአገራችን ይዞ ከወጣቸው የብራና መጻሕፍት ውስጥ የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይገኙባቸዋል። ኤውሮፓውያን ይህን መጽሐፍ ከቁርጥራጭ ጥቅሶች በቀር አያውቁትም ነበር። አንዱን ቅጂ ለፈረንሳይ ንጉሥ አበረከተ፤ ሌላው ኦክስፎርድ ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ የተባለው ምሁር በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመው። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሙት ባሕር አጠገብ የዚሁ መጽሐፍ የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የሚነበበው ግን እስከ ዛሬ በግዕዝ ብቻ ነው። እንግዲህ ብዙ የኤውሮፓ ጽሑፎች ብሩስ መጽሐፉን «አገኘ» ይላሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት እየገለበጡ ያቈዩት የአገራችን ጸሐፍት ግን ጠፍቶባቸው አያውቅም።

ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብሩስ በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይን ሲያይ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ሠዓሊው በ1771 ጐንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ሰውዬው ከዚያ ጉዞ በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈ። ሐሰቱን የገለጠው ባሉጋኒ በገዛ እጁ የጻፈው ማስታወሻ ነው። እንዲሁም ጴድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይ መድረሱን ብሩስ ሊቀበል አልወደደም። ዋጊኖስም በሳይንስ መዝገብ የታወቀው በብሩስ ስም «ብሩሲያ» ተብሎ ነው፤ መድኃኒትነቱን ያሳወቁት ሰዎች በስያሜው ውስጥ የሉበትም።

ታዲያ ብሩስ ውሸታም ነውና እንጣለው እንበልን? አይደለም። ሎንዶን ሲመለስ ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረውን ሰምተው ብዙዎች ሣቁበት፤ እኛ ግን ቍርጥ ተረት አለመሆኑን እናውቃለን። በአንድ በኩል እውነት ተናግሮ ያልታመነ ሰው፣ በሌላ በኩል ለክብሩ ሲል የባልንጀራውን ስም ሸሽጓል። ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ።

ስለዚህ የታሪክ መምህራን የመንገደኛን ጽሑፍ በክፍል ስናነብ ተማሪዎቻችን ሦስት ነገር እንዲጠይቁ ብናለማምዳቸው መልካም ነው። ጸሐፊው በዓይኑ ያየው የቱን ነው? የሰማውስ ከማን ነው? አብሮት እያለ ስሙ ያልተጻፈው ማን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መንገድ የመሩት፣ ግመል የሳቡት፣ መድኃኒት የቀመሙትና ብራና የጻፉት ሰዎች የሚገኙት ግን በእርሱ ነው። በዚያ በመተማና በገዳሪፍ መንገድ ከብሩስ በፊትም ሆነ በኋላ ስማቸው በመጽሐፍ ያልሰፈረ ብዙ ነጋዴዎች፣ ምእመናንና ስደተኞች ተመላልሰውበታል። የእነርሱን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ጠይቆ መመዝገብ ለተማሪዎቻችን የሚሰጥ ደኅና የቤት ሥራ ነው።