ደጅ ጠኚውና ጸሐፊው፤ የመሥሪያ ቤት መቶ ዓመት

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር፣ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈቱን ሥራ ያዙ። ሹመቱ በአንድ ጊዜ ተሰጠ። መሥሪያ ቤት የሚባለው ነገር ግን፣ ከነጠረጴዛው፣ ከነመዝገቡ፣ ከነሥራ ሰዓቱና ከነወር ደመወዙ፣ ለመምጣት ገና አሥርት ዓመታት ቀርተውት ነበር።

እስከዚያው ጉዳይ ያለው ሰው የሚያውቀው መንገድ ደጅ መጥናት ነው። ርስቱ የተነጠቀ ገበሬ፣ ሹመት የፈለገ የባላባት ልጅ፣ ፍርድ የተጓደለበት ነጋዴ ስንቁን ቋጥሮ ይመጣና ከጌታው አጥር ሥር ይሰነብታል። ጌታው ሲወጡ እጅ ነስቶ ይታያል፤ በቅሏቸው ላይ ተቀምጠው ሲሄዱ ከኋላ ይከተላል፤ ዛሬ ካልቀናው ነገ ይመለሳል። ዛሬ ይህን እንደ አስተዳደር ጉድለት እናየዋለን። ለዘመኑ ሰው ግን የጌታው ማዕረግ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ በደጁ የሚኮለኮለው ሕዝብ ብዛት ነበር። ቶሎ ጉዳይ የሚፈጽም ሹም ደጁ ባዶ ይሆንበታል፤ ባዶ ደጅ ደግሞ ክብር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የመጡት የአስተዳደር ለውጦች ሁሉ ሳይናገሩት የታገሉት ከዚህ ልማድ ጋር ይመስላል።

ሹሙም የሚኖረው በማደሪያ መሬት፣ በድርጎና ከባለጉዳይ በሚገባለት እጅ መንሻ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የንጉሡ ገቢ ከመንግሥት ገቢ እንዲለይ ሲመክሩ ነገሩን ከሥሩ ነክተውታል፤ ኑሮው ከባለጉዳዩ እጅ የሆነ ሠራተኛ ባለጉዳዩን ቶሎ የሚሸኝበት ምክንያት የለውም። ምክሩ በሕግ መልክ ለመውጣት ግን ጣልያን እስኪወጣ ጠበቀ። ነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ የጠቅላይ ግዛት ገዥዎችን ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አስገብቶ ደመወዝተኛ አደረጋቸው። በጥር 1935 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮችን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነው ትእዛዝ ቁጥር 1 በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ የሚባለው ሰው፣ ኮቱን ለብሶ ጠዋት የሚገባና ማታ የሚወጣው፣ የተፈጠረው በእነዚህ ዓመታት ነው ማለት ይቻላል።

መዝገብ ቤትን ያላወቀ ይህን አዲስ ዓለም አያውቀውም። ማመልከቻው መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። በገቢ መዝገብ ቁጥርና ቀን ይሰጠውና በአቃፊ ሆኖ ወደ ኃላፊው ይገባል። ኃላፊው ኅዳጉ ላይ «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ብለው ይፈርማሉ፤ የሚመለከተው ክፍል «ተጣርቶ ይቅረብ» ይልበታል። ተጣርቶ ሲቀርብ ረቂቅ ይወጣል፣ ረቂቁ ካርቦን ተደርጎለት ከነግልባጩ በመኪና ይመታል፣ ይፈረማል፣ ቲተር ይመታበታል፣ ክብ ማኅተም ያርፍበታል፣ በወጪ መዝገብ ሌላ ቁጥር ይወጣለታል። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ለቅሶ ከሄደ ወረቀቱ ባለበት ይተኛል። ባለጉዳዩ ያን ጊዜ ኮሪደር ላይ ነው፤ ተላላኪውን እያባበለ። ከአጥሩ ወደ ኮሪደሩ ተዛወረ እንጂ ደጅ መጥናቱ አልቀረለትም።

ሆኖም አንድ ነገር አግኝቷል፤ ቁጥር። በጌታው ደጅ የከረመ ሰው መክረሙን የሚያስረዳበት ማስረጃ አልነበረውም። የመሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ግን «በቁጥር ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል ያመለከትኩት» ብሎ መከራከር ቻለ። በመዝገብ ቤት የሚያላግጥ ሰው ይህችን አይርሳት።

ጽሕፈቱም የራሱ ፈተና ነበረው። 33ቱ የፊደል ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ለላቲን ፊደል በተሠራ የጽሕፈት መኪና ይህን ሁሉ ማስቀመጥ አይቻልም። ኢንጂነር አያና ብሩ በዚህ ጉዳይ ከደከሙት ቀዳሚው ናቸው። በኋላ በየቢሮው የተሠራጨው መኪና የፊደሉን አካል በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ እየመታ የሚያገጣጥም ነበር። ለዚህም ነው በድሮ ደብዳቤዎች ላይ የሆሄያቱ እግርና ክንድ ከአካላቸው ትንሽ ፈንጠር ብሎ የሚታየው። ጸሐፊዋ ለአንድ ሆሄ ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ ከታች ከተሳሳተች ከነግልባጩ እንደ አዲስ ትጀምራለች። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ጸሐፊዎችን ማስመረቅ ሲጀምር ብዙ ሴቶች ወደ መንግሥት ቢሮ የገቡት በዚህች መኪና በኩል ነው። ጣታቸውና ወገባቸው ምን እንደተሰማው የጠየቀ የአስተዳደር ጥናት ግን አልታየም።

በ1940ዎቹ አጋማሽ በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ሹማምንትን ማሠልጠን ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ቅጥርንና ዕድገትን በአንድ ሥርዓት የሚመራ ማዕከላዊ የሠራተኞች መሥሪያ ቤት ቆመ። ከሁሉም የበለጠ የሠራተኛውን ኑሮ የለወጠው ግን በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። ከዚያ በፊት ያረጀ አገልጋይ ተስፋው የጌታው በጎ ፈቃድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አበል በሕግ የሚገባው ሆነ። ደርግ መጥቶ በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ አቋቋመ፤ ሠራተኛው ስለ መደብ ትግል ብዙ ተማረ፣ የመዝገብ ቤቱ መንገድ ግን እንደነበረ ቀረ።

በ1990ዎቹ ተራው የምህጻረ ቃል ሆነ። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው ቢፒአርን፣ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የተባለውን፣ አመጣ። በብዙ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ፈርሶ ሠራተኛው በሰፊ አዳራሽ ተደረደረ፤ ክፍል «የሥራ ሂደት»፣ ሠራተኛ «ፈጻሚ» ተባለ። ለባለጉዳዩ ጥቅም ነበረው፤ ከዚህ ቀደም አምስት በር የሚያንኳኳበት ጉዳይ በአንድ መስኮት የሚያልቅበት ጊዜ መጣ። በአዲሱ መዋቅር ቦታ ያጣው ሠራተኛ ግን «ተንሳፋፊ» የሚል ስም ወጣለት፤ ወንበር እያለው ሥራ የሌለው ሰው።

ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ከዚያ ተከተለ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓንን እርዳታ ጠይቀው በ30 ድርጅቶች ከተሞከረ በኋላ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከፋብሪካ የተነሣው ዘዴ ወደ ሆስፒታልና ወደ ቢሮም ገባ፤ አምስቱ «ማ»ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ፣ በየኮሪደሩ ተለጠፉ። ካቢኔቱ ሁሉ ስም ተለጠፈበት፤ ፋይል መፈለግ ቀለለ። የመጀመሪያው «ማ» ግን አንድ የቆየ ግድግዳ ገጠመው። እግሩ የተሰበረ ወንበር የመንግሥት ንብረት ነው፤ ኮሚቴ ሳይቋቋምና ሳይፈረም አይወገድም። ስለዚህ ወንበሩ ከቢሮው ተጣርቶ ይወጣና ከደረጃው ሥር ይከመራል።

እዚህ ላይ ለሠራተኛው የሚበጀውን ለማየት ከመፈክሩ ወደ ሰዓቱ መመለስ ይሻላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት ሠራተኛን መደበኛ ሥራ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ቀኖቹን ደምሮ ማየት ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30 እና ከ7፡30 እስከ 11፡30፣ ዓርብ ግን ጠዋት በ5፡30 ይወጣል። የዓርቡ ዕረፍት ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ሙስሊሙ ሠራተኛ ጁምዓ ሰግዶ ምሳውን በልቶ እንዲመለስ ያስችላል። በሌላው ቀን ያለችውን አንድ ሰዓት ያዳነው የሠራተኞች ክበብ ነው፤ ሽሮውን በቅናሽ በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ የቢሮውን ሐሜት ጨርሶ ለመመለስ ትበቃለች። ክበብ የሌለው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ርካሽ ምሳ ፍለጋ ሰፈር ሲያቋርጥ ይውላል፤ ባለጉዳዩ በ8 ሰዓት መጥቶ ባዶ ወንበር የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

በ2000ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ለመንግሥት ሠራተኞች በነፃ የሚያመላልስ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ተጀመረ። ከሰፈሩ እስከ ቢሮው ሁለት ታክሲ ይቀያይር የነበረ ሠራተኛ፣ ማለዳ ሰልፍ ላይ የሚያባክነው ጉልበትም ገንዘብም ተረፈለት። አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ የወሊድ ፈቃድን ከ90 ቀን ወደ 120 ቀን ከፍ አደረገ፤ በየመሥሪያ ቤቱም የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም አዘዘ። ማቆያውን በትክክል ያደራጁ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ክፍሉ የለም፣ ወይም የተሰበሩ ወንበሮች ይዘውታል። እናት ሠራተኛ ልጇን አጥብታ በአሥር ደቂቃ ወደ መስኮቷ የምትመለስበት ቢሮና ሞግዚት ቀረችብኝ ብላ ግማሽ ቀን የምታስፈቅድበት ቢሮ የደመወዝ እርከናቸው አንድ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ሰልፍ ግን አንድ አይደለም።