ሾተሉ ወይስ ገበያው?

ጌም የሚወድ ወንድም ያላችሁ ይሄን ጩኸት ታውቁታላችሁ፤ «ይሄ ወገን እኮ አይቻልም! ሠሪዎቹ አድልተውለታል!» እንግዲህ ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ ጩኸት ነው። ግን አደራ፣ ጌም አልወድም ብላችሁ ገጹን እንዳትዘጉት፤ መድረሻችን አንኮበር ነው።

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የሚባለው ጌም በ1999 ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እንደ ዳማ ተራ መጠበቅ የለም። አንተ ገበሬህን አሰማርተህ፣ እንጨት አስቆርጠህ፣ ጦር ስታሰለጥን ባላጋራህም በዚያው ደቂቃ የራሱን ሥራ ይሠራል። በ2015 ደግሞ በአፍሪካ መንግሥታት ላይ ያተኮረ ተጨማሪ ክፍል ወጣና ኢትዮጵያውያን ገቡበት፤ ከማሊዎች፣ ከበርበሮችና ከፖርቱጋሎች ጋር።

የዚህ ጌም ራስ ምታት ሚዛን ነው። ዳማ ላይ ሁለቱም እኩል ቆርኪ ይይዛሉ፤ ሙግት የለም። እዚህ ግን እያንዳንዱ ወገን የተለያየ ጉልበት ተሰጥቶታል፣ ጉልበቱም ዋጋ አለው። የኛዎቹን እንይ። ቀስተኞቻቸው ከሌላው 18 በመቶ ፈጥነው ይወነጭፋሉ። ከአንድ ዘመን ወደ ቀጣዩ ባለፉ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ይመረቅላቸዋል። መለያቸው የሆነው ባለ ሾተሉ ተዋጊ ደግሞ ቶሎ ይሰለጥናል፣ ክፉኛ ይመታል… ግን እሱም ቶሎ ይወድቃል። ባለ ሾተሉን ይበልጥ በፍጥነት የሚያስለጥን ልዩ ዕውቀትም ነበራቸው፤ በ2022 ተቀይሮ ፈረሰኛ ሲመታው ጉዳቱን የሚቀንስለት ሆነ። አያችሁ? ሠሪዎቹ ውድድሩን ያያሉ፣ የተንጋደደውን ያቃናሉ።

ታሪክ ግን እንዲህ ያለ ሠሪ የለውም። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ያሸነፉት ግን ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ናቸው። በ1531 ወደ ሰሜን ሸዋ ጫፍ፣ አንጾኪያ ላይ፣ የንጉሡ ሰዎች የመድፍ ድምፅ ሲሰሙ ተፈቱ። በ1541 በክርስቶፎር ዳጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ጠመንጃ ይዘው መጡ። በማግስቱ ዓመት ኢማሙ ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጠኛና መድፍ አስመጥተው ዳጋማን ማርከው ገደሉት። ከዚያም አብዛኞቹን ቱርኮች ወደመጡበት መለሱ። በ1543 ወይና ደጋ ላይ እሳቸውም ወደቁ። ሚዛኑን ያቃናው እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ነፍጥ ነበር፤ ለሁለቱም ወገን።

ይሄን ትምህርት ከሁሉ በላይ የያዘው አንኮበር ይመስለኛል። ከተማዋ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ፣ ደጋው አልቆ ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል በሚወርድበት አፋፍ ላይ ናት። ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እዚህ ተቀምጠው ሁለት ነገር በእጃቸው ያዙ፤ ገደሉንና መንገዱን። ከገደሉ ሥር አልዩ አምባ ገበያ ነበር፣ ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያራግፍበት። ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ ይገበያያሉ፤ በዚያ አካባቢ ሰውም ይሸጥ ነበር። መንገዱን የያዘ ቀረጡንም፣ የሚያልፈውንም ነፍጥ ይይዛል።

በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ 300 ጠመንጃ በገጸ በረከት ይዞ መጣ፤ በዚያው ዓመት ውል ተፈረመ። በ1843 ደግሞ ንጉሡ ከፈረንሳይ ጋር ሌላ ውል አደረጉ። ሁለቱ ኃያላን ሲፎካከሩ መሐል ሆኖ ከሁለቱም መቀበል… በጌም ቋንቋ ይሄ ጦር ሳያዋጉ ሀብት መሰብሰብ ይባላል።

መንገዱ ለልጅ ልጃቸውም ሠራ። ምኒልክ በ1865 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ከገቡ በኋላ ነፍጥ መሸመቱን ገፉበት። በ1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሳይቀር ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ደረሰ፤ ንጉሡን ስላላገኛቸው ተከትሏቸው እንጦጦ ወጣ፤ ሒሳቡም እንዳሰበው አልሆነለትም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር የገጠመው ጋሻና ጦር ብቻ የያዘ ሕዝብ አልነበረም።

ስለዚህ «ጌሙ የኛን ሰው በትክክል ሣለው ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ግማሽ አዎ ነው። ጌሙ የሚያወራው ከአንኮበር ነፍጥ በፊት ስላለው ዘመን ነውና አልፈርድበትም። ዓይን የሚስበው ሾተሉ ነው፤ ፖስተር ላይ የሚያምረውም እሱ ነው። ለሸዋ ታሪክ የሚቀርበው ግን ማንም የማያጨበጭብለት ያ 100 ምግብና 100 ወርቅ ነው። ደካማው ወገን ከኃይለኛው ጋር የተካከለው በጎራዴ ፍጥነት ሳይሆን አስቀድሞ በተሰበሰበ ስንቅ፣ በገበያና በትዕግሥት ነበር።

ጌሙ የማያሳየን አንድ ነገር ግን አለ። ሣህለ ሥላሴ ያንን ነፍጥ ይዘው የዘመቱት በባሕር ማዶ ጠላት ላይ አልነበረም፤ በጎረቤት ኦሮሞዎች ላይ ነበር፤ ሃሪስም አንዱን ዘመቻ አብሮ ሄዶ አይቶ ጽፎታል። አንኮበር ሆነው ሲያዩት ሚዛን መቃናት ነው፤ ነፍጥ በሌለው መንደር ሆነው ሲያዩት ግን ሚዛኑ የተሰበረው ያኔ ነው። ስክሪኑ ላይ «ኢትዮጵያውያን» አንድ ወገን፣ አንድ ቀለም ናቸው። በታሪክ ግን ከአፈ ሙዙ በዚህም በዚያም የቆሙት የኛው ሰዎች ነበሩ።

እና በሚቀጥለው ጊዜ ወንድማችሁ «አድልተውለታል!» ብሎ ሲጮህ አትሳቁበት። «ለማን?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ስለ አልዩ አምባ ንገሩት።

ቸር ሰንብቱ!