ያላነበብናቸው ኪታቦች፦ ቀደምቶቻችን የኪታብ ክምርን እንዴት ተወጡት?

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



ባለፈው ሸዕባን፣ ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ መስጂዳችንን ስናጸዳ የኪታብ ቁም ሣጥኑን ባዶ አደረግነው። በዚያው አጋጣሚ የራሳችንን ኪታቦች ለይተን ቆጠርን። 63 ሆኑ። ከዳር እስከ ዳር ያነበብናቸው ግን 11 ብቻ ነበሩ። 52ቱ አንዳንዶቹ እስከ መቅድማቸው፣ አንዳንዶቹ እስከ ጦሃራ ምዕራፍ ድረስ ተነበው የቆሙ ናቸው። የመጡበት ፕላስቲክ ያልተቀደደላቸውም አሉ። ስልካችን ውስጥ ያለውን ፒዲኤፍ ለመቁጠር እንኳ ድፍረቱ አልነበረንም።

ከዚያ በፊት በነበረው በረጀብ ወር አንድ ወጣት ከዐስር ሰላት በኋላ ጠብቆ ጥያቄ ጠይቆን ነበር። እናቱ ሞተዋል። በሕመም ያፈጠሩት የ19 ቀን ጾም ነበረባቸው። ከሕመሙ ድነው ቀዷውን ሊያወጡ የሚችሉበት ጊዜ አግኝተው ነበር፤ ነገ ዛሬ ሲሉ ሳያወጡት አጀል ቀደማቸው። "ኡስታዝ፣ እኔ ልጾምላቸው እችላለሁ?" አለን። እኛም በልጅነታችን የቀራነውን ይዘን "አይሆንም፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሙድ እህል ለሚስኪን ማብላት ብቻ ነው ያለው" አልነው። ልጁ የቀን ሠራተኛ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ወደ እሱ በመጨረሻ እንመለሳለን።

ያን ቀን ከ52ቱ ኪታቦች ፊት ተቀምጠን ራሳችንን የጠየቅነው ይህን ነው፦ ቀደምቶቻችንስ ይህ ችግር ነበረባቸው? ነበረባቸው ከተባለስ እንዴት ተወጡት?

ኪታብ ሲበዛ

ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ የወረደው ትእዛዝ የማንበብ ትእዛዝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በሶሓቦች ዘመን የኪታብ ክምር የሚባል ነገር አልነበረም። ዕውቀት በልብ ይያዛል፤ የሚጻፈውም በቆዳ፣ በአጥንትና በመሳሰለው ላይ ነበር። ብራና ውድ ነው፤ ውድ ነገር ደግሞ አይከመርም።

ነገሩን የለወጠው ወረቀት ነው። የወረቀት አሠራር ከሰመርቀንድ ተነስቶ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሂጅራ ባግዳድ ደረሰ። ኪታብ ረከሰ፤ ገልባጮችና ሻጮች በዙ። "ወራቅ" የሚባሉት እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ገበያ ነበራቸው። የታሪክና የጂኦግራፊ ጸሐፊው አል-የዕቁቢ በዘመኑ ባግዳድ ውስጥ ከ100 በላይ የኪታብ ሱቆች እንደነበሩ ጽፏል። በ377 ሂጅራ (987 እ.ኤ.አ) ደግሞ ኢብኑ አን-ነዲም የተባለው የባግዳድ ወራቅ በዐረብኛ የተጻፉ ኪታቦችን ሁሉ ልመዝግብ ብሎ ተነሳና "አል-ፊህሪስት" የሚባለውን ትልቅ ሥራ አዘጋጀ። የዝርዝሩ መጽሐፍ ራሱ ወፍራም ኪታብ ሆነ! አንድ ሰው በዕድሜው አንብቦ ሊጨርስ ከሚችለው በላይ ኪታብ በአንድ ከተማ የተገኘው ያኔ ነው። የእኛም ችግር ከዚያ ይጀምራል።

ጊዜን ከየስንጥቁ የሰበሰቡ

በዚያው ዘመን በንባብ ፍቅር ስማቸው የተነሳ ሰዎች አሉ። አንዱ በ255 ሂጅራ የሞተው የበስራው ጸሐፊ አል-ጃሒዝ ነው። እጁ የገባውን ኪታብ ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያነብ አያስቀምጥም ነበር ይሉታል። የወራቆችን ሱቅ ለሌሊት ተከራይቶ ውስጡ እያደረ ያነብ ነበር። መግዛት ያልቻለውን በኪራይ አነበበ ማለት ነው።

ሌላው የኸሊፋ አል-ሙተወኪል የቅርብ ሰው የነበረው አል-ፈትሕ ኢብኑ ኻቃን ነው። ይህ ሰው ሥራ የበዛበት የቤተ መንግሥት ሰው ነው። ኪታቡን ከልብሱ እጅጌ ውስጥ ይይዝ ነበር። ኸሊፋው ለሰላት ወይም ለሌላ ጉዳይ ሲነሳ ኪታቡን ያወጣል፤ ኸሊፋው ሲመለስ ይከትታል። ዛሬ እኛ ታክሲ ስንጠብቅ ስልክ እንደምናወጣው ማለት ነው። ልዩነቱ የምናወጣው ነገር ላይ ነው።

ሐፊዙ አል-ኻጢብ አል-በግዳዲም (463 ሂጅራ) መንገድ ሲሄድ በእጁ የያዘውን እያነበበ ይራመድ ነበር ተብሏል። ኢብኑል ጀውዚ (597 ሂጅራ) ደግሞ ስለ ራሱ ሲናገር 20 ሺህ ጥራዝ አንብቤያለሁ ብል እንኳ ከዚያ ይበልጣል፣ አሁንም ገና ፈላጊ ነኝ የሚል ሐሳብ ጽፏል። እኛ 11 ኪታብ ጨርሰን "ኡስታዝ" ስንባል ዝም ብለን እንቀበላለን። አላህ ይማረን።

ማንበብና መረዳት ይለያያሉ

እዚህ ላይ አንድ ወጣት "እንግዲያው በፍጥነት ላንብብና ልጨርስ" ሊል ይችላል። ለእሱ የኢብኑ ሲና ታሪክ ይበጀዋል። ኢብኑ ሲና በቡኻራ አጠገብ በ370 ሂጅራ (980 እ.ኤ.አ) ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ የሳማኒዮቹን ገዢ ኑሕ ኢብኑ መንሱርን ለማከም ተጠርቶ ሄደ፤ በዚያውም የቤተ መንግሥቱን ቤተ መጻሕፍት እንዲያይ ፈቃድ ጠየቀ። ብዙ ክፍሎች ያሉት ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል ለአንድ የዕውቀት ዘርፍ የተለየ፣ ኪታቦቹም በሣጥን የተደረደሩ። ያን ሁሉ ኪታብ ሲያይ ምን አደረገ? ዘሎ አልገባበትም። መጀመሪያ ዝርዝሩን አነበበ፤ ከዚያ የሚያስፈልገውን ለይቶ ጠየቀ።

ይኸው ሰው የአርስጣጣሊስን የሜታፊዚክስ መጽሐፍ 40 ጊዜ አንብቦት፣ በቃሉም ይዞት፣ ግን ሳይገባው እንደቀረ ራሱ ይተርካል። ተስፋ ቆርጦ ሳለ አንድ ቀን በኪታብ ገበያ አንድ ሻጭ የፋራቢን ትንሽ ኪታብ በሦስት ዲርሀም እንዲገዛው ለመነው። ሳይፈልግ ገዛው። ቤቱ ገብቶ ሲያነበው ያ የተዘጋ መጽሐፍ ተከፈተለት። በማግስቱም አላህን ለማመስገን ለድሆች ብዙ ሶደቃ ሰጠ። ልብ በሉ፦ 40 ጊዜ ከማንበብ ይልቅ ቁልፉን የያዘች አንዲት ትንሽ ኪታብ ጠቀመችው። እኛ ዘንድ ትልልቆቹ ጥራዞች አቧራ የሚጠጡት አንዳንዴ ሰነፍ ስለሆንን ሳይሆን ከእነሱ በፊት የሚቀራውን ትንሹን ሙኽተሶር ስለዘለልነው ነው።

አንድ ኪታብ ይዞ እስኪያልቅ

የሐዲሥ ሊቃውንት መንገድ ደግሞ ሌላ ነበር። አንድ ኪታብ ይዘው፣ ቁጭ ብለው፣ እስኪያልቅ አይነሱም። አል-ኻጢብ ሶሒሕ አል-ቡኻሪን መካ ላይ በአምስት ቀን አንብቦ ጨርሷል። ያነበበው በማን ፊት መሰላችሁ? በአንዲት ሴት ሊቅ፣ በከሪማ አል-መርወዚያ ፊት ነው። እህቶቻችን ይህን ስም ይያዙልን።

ከእሱ በኋላ የመጣው ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (773–852 ሂጅራ) የጦበራኒን "አል-ሙዕጀም አስ-ሶጊር" በአንድ መቀመጫ፣ በዙህርና በዐስር ሰላት መካከል አንብቦታል። ከአንድ ሺህ በላይ ሐዲሥ ያለው ኪታብ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ሁሉን ነገር በፍጥነት የሚጨርስ ነበር ወይ? አልነበረም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚቀራው "ፈትሑል ባሪ" የተባለው የቡኻሪ ሸርሑ በ817 ሂጅራ ተጀምሮ በ842 ነው ያለቀው። 25 ዓመት! ሲያልቅ ታላቅ ድግስ ደግሶ ሰው አበላ። ፈጣኑ ንባብና ዘገምተኛው ሥራ የአንድ ሰው ነበሩ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ነገር አንድ ነው፤ የጀመረውን አልተወም።

መተውም ዕውቀት ነው

ኢማም አን-ነወዊን (631–676 ሂጅራ) የማያውቅ ወጣት የለም። አርበዒኑ፣ ሪያዱስ-ሷሊሒኑ በየቤታችን አለ። በተማሪነቱ በቀን 12 ደርስ ይቀራ ነበር። ታዲያ አንድ ጊዜ ሕክምና ለመማር አሰበና የኢብኑ ሲናን "ቃኑን" ገዛ። ከዚያ በኋላ ልቡ ጨለመበት፤ ለቀናት ምንም መሥራት አቃተው። ምክንያቱን ሲፈልግ ያቺ ኪታብ ትዝ አለችው። ወዲያው ሸጣት፤ ልቡም በራለት። ሕክምና መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለእሱ የተቀደደ መንገድ ስላልነበረ ነው። ቤታችን ካሉት ኪታቦች ውስጥ የእኛ ያልሆኑም አሉ ማለት ነው። የገዛነውን ሁሉ የማንበብ ግዴታ የለብንም። ለሚጠቀምበት መስጠትም ንባብን ያቀልላል፣ አጅርም ነው።

ነወዊ የሞተው በ45 ዓመቱ ነው። የጊዜ ማጠር ምክንያት አይሆነንም።

ከእኛው አካባቢ የሄደው ሰው

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በጥንት ዘመን ከሐበሻ ምድር ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩ ሙስሊሞች አንዱ በር ዘይለዕ ነበረች፤ ዛሬ በሶማሌ ጠረፍ ያለችው ወደብ። በስሟ ከሚጠሩት ሊቃውንት አንዱ ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብኑ ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒ ነው። ካይሮ ውስጥ ኖሮ በ762 ሂጅራ ሞተ። በሐነፊ ፊቅህ ታዋቂ በሆነው "አል-ሂዳያ" ውስጥ ያሉትን ሐዲሦች አንድ በአንድ ምንጫቸውን ፈልጎ "ነስቡር-ራያህ" የተባለውን ሥራ አበረከተልን። ይህን ለመሥራት ስንት የሐዲሥ ኪታብ ማገላበጥ እንደሚጠይቅ አስቡት።

ታዲያ ያን ክምር ብቻውን አልገጠመውም። ኢብኑ ሐጀር ከሸይኹ ከዘይኑዲን አል-ዒራቂ ሰምቶ እንደመዘገበው፣ ዒራቂና ዘይለዒ የሐዲሥ ኪታቦችን አብረው ነበር የሚያነቡት። ዒራቂ የኢሕያእ ዑሉሚዲንን ሐዲሦች፣ ዘይለዒ የሂዳያን ይፈልጋሉ፤ አንዱ ለሌላው ያግዛል። በአንድ ንባብ ሁለት ሥራ። የሁለቱም ሥራ እስከ ዛሬ ለኡማው ይጠቅማል።

በአገራችን የወሎ ሐሪማዎችና በሐረርም የነበረው ልማድ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ደረሳ ኪታቡን ከሸይኹ ተውሶ በእጁ ይገለብጠዋል፤ የገለበጠውን ይዞ ሸይኹ ፊት ይቀመጣል፤ ከጓደኞቹ ጋር ይከልሰዋል፤ ያኸትመዋል። በዚህ መንገድ ያልተነበበ ኪታብ ቤት ውስጥ ሊከማች አይችልም። ኪታቡን የራሱ ያደረገው አንብቦ ነውና። እኛ ግን ኪታብ በሰከንድ እናወርዳለን፤ ማውረዱን እንደማወቅ ቆጠርነው።

እኛ ምን አደረግን?

ከእነዚህ ሰዎች ተምረን 52ቱን ኪታቦች ሦስት ቦታ ከፈልናቸው። አንደኛ፣ የእኛ ያልሆኑ 17፤ ለመድረሳ ደረሶችና ለሚፈልጉ ሰዎች ሰጠን። ሁለተኛ፣ ቁልፍ የሚፈልጉ 20፤ ትንሹን ኪታብ እስክንጨርስ አቆየናቸው። ሦስተኛ፣ አሁን የሚነበቡ 15። ከነዚህ አንዱን ብቻ ወጥ አድርገን ያዝን። ከሱብሕ በኋላ ከአንድ ወንድም ጋር በየቀኑ አሥር ገጽ። 300 ገጽ ያለው ኪታብ በአንድ ወር ያልቃል ማለት ነው። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል።

መጀመሪያ የያዝነው የነወዊ የሶሒሕ ሙስሊም ሸርሕ ነው። ከሳዑዲ የተመለሰ አንድ ወንድም ከስድስት ዓመት በፊት የሰጠን ሙሉ ጥራዝ። ከጾም ምዕራፍ ጀመርን። እዚያ ውስጥ ጾም ኖሮበት ስለሞተ ሰው ወሊዩ እንደሚጾምለት የሚናገረውን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ሐዲሥ አገኘን። ነወዊም በሻፊዒይ መዝሀብ ውስጥ ሁለት አቋም እንዳለ ገልጾ፣ መጾም ይፈቀዳል የሚለውን ይመርጣል። ያ ወጣት የጠየቀን ነገር፣ ለስድስት ዓመት ከራሳችን አንድ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ነበር።

ልጁን ፈልገን በሚሠራበት ሕንፃ ሥር አገኘነው። ነገርነው። ትንሽ ዝም አለና "ኡስታዝ፣ እኔ እኮ ተበድሬ እህሉን ሰጠሁ" አለን። የሰጠው ተቀባይነት ያለው ነው፤ ማብላቱም የዑለሞች ቃል ነው፤ እናቱ ላይ የቀረ ነገር የለም ኢንሻአላህ። እኛ ያጠፋነው ሌላ መንገድ የለም ማለታችን ነው። ያላነበብነውን ኪታብ ዋጋ የከፈለው እሱ ሆነ። ዐፍው እንዲለን ጠየቅነው፤ አለን። የብድሩን ቀሪ እኛ ተካፈልን።

ውድ ወጣቶች! ቤታችሁ ያለ ያልተነበበ ኪታብ የእናንተ ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። አንድ ቀን እናት፣ ጓደኛ፣ ልጅ መጥቶ ይጠይቃችኋል። መልሱ መደርደሪያችሁ ላይ ሆኖ አፋችሁ ላይ ከሌለ ጠያቂው ባዶ እጁን ይሄዳል፤ ወይ ደግሞ እንደዚያ ልጅ ተበድሮ ይሄዳል። ዛሬ ከዒሻ በኋላ ኪታቦቻችሁን ቁጠሩ። አንድ ምረጡ። አንድ ጓደኛ ጥሩ። ነገ ከሱብሕ በኋላ ጀምሩ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ ያወቅነውን የምንሠራበት ያድርገን። ያለ ዕውቀት ከመናገርም ይጠብቀን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።